ለጀማሪ የሚሆን የሪሞት ጀልባ፦ ከፍጥነቱ በፊት አመላለሱ

የሪሞት መኪና መንገድ መሃል ቢቆም ሄዶ ማንሳት ነው። ጀልባ ከዳር 40 ሜትር ርቆ ሲቆም ግን ነገሩ ሌላ ነው። ስለዚህ ለመጀመሪያ ጊዜ ጀልባ ለሚገዛ ሰው ካርቶኑ ላይ በደማቁ የተጻፈው «በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር» የመጨረሻ ጥያቄ መሆን አለበት። ቀድሞ የሚጠየቀው፣ ይሄ ጀልባ ቢገለበጥ፣ ውሃ ቢገባው ወይም ባትሪው ቢደክም ወደ ዳር ይመለሳል ወይ የሚለው ነው። እዚህ የምንሰጠው ግምገማም በዚሁ ሚዛን ነው።

ያየነው ምድብ ከ40 እስከ 60 ሳንቲ ሜትር የሚረዝሙ፣ ተገጣጥመው የሚሸጡ፣ ካርቦን ያለው ሞተር (ብረሽድ የሚባለው፣ ኤሌክትሪኩ በሚነካኩ ትንንሽ የካርቦን ቁራጮች በኩል የሚያልፍበት) የተገጠመላቸውን ነው። በዚህ ምድብ ስማቸው ከሚነሳው ሦስቱን እንውሰድ። ፌይሉን ኤፍቲ009 46 ሳንቲ ሜትር ሲሆን፣ 390 የሚባለውን ሞተርና ባለ 7.4 ቮልት፣ 1500 ሚሊ አምፔር ሰዓት ሊቲየም ባትሪ ይዞ ይመጣል። ፕሮ ቦት ሪአክት 17 ወደ 43 ሳንቲ ሜትር ነው። ትራክሳስ ብላስት ከሁለቱም ይረዝማል፣ 60 ሳንቲ ሜትር አካባቢ፤ ባትሪው ሰባት ሴል ያለው ባለ 8.4 ቮልት የኒኬል ባትሪ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሲገለበጡ ተመልሰው ይቃናሉ። ብላስት ይህ የለውም፤ በምትኩ ርዝመቱ ትንሽ ሞገድ ላይ ያረጋጋዋል። ለፍጹም ጀማሪ ምርጫችን የሚቃናው ነው፣ ቢገለበጥም ወደ ዳር ይመለሳልና፤ እንዴት እንደሚቃና ወደ ታች እንመጣበታለን።

ከዚህ ምድብ በታች ያሉትን፣ 25 ሳንቲ ሜትር ገደማ ሆነው በሁለት ትንንሽ ሞተር የሚሄዱትን፣ ለገንዳ ካልሆነ አንመክርም። መሪ ክንፍ የላቸውም፤ የሚታጠፉት አንዱ ሞተር ቆሞ ሌላው ሲዞር ነው። አብዛኞቹ ወይ ሙሉ ኃይል ወይ ዜሮ ናቸው፤ ቀስ ማለት አያውቁም። ቀስ ማለት የማይችል ጀልባ ደግሞ ዳር ሲደርስ ከድንጋይ ጋር ይላተማል።

ቀፎው (የጀልባው ዋና አካል) ላይ ብዙ መጨነቅ አያስፈልግም። ከሥሩ የ«ቪ» ቅርጽ ያለው ለጀማሪ ይበቃል፤ ሞገድ ይሰነጥቃል፣ በሁለቱም አቅጣጫ እኩል ይታጠፋል። ጎን ለጎን ሁለት ቀፎ ያለው ካታማራን ጸጥ ባለ ውሃ ላይ ፈጣንና ቀጥ ያለ ነው፣ ነገር ግን ንፋስ ከሥሩ ከገባ አፍንጫው ተነስቶ ወደ ኋላ ይገለበጣል። ፕሮፔለሩ ሳይታይ ውሃ ስቦ የሚተፋው፣ ጄት የሚባለው ዓይነት፣ ጥልቀት በሌለው ቦታ ይሠራል፤ ግን አሸዋና አረምም አብሮ ይስባል። ለመዝናናት ብቻ የሚፈልግ፣ ፍጥነት የማያሳስበው ሰው ደግሞ የጎታች መርከብ ቅርጽ ያለውን ቀርፋፋ ጀልባ ቢይዝ አይቆጭም፤ በአንድ ባትሪ ከፈጣኞቹ እጅግ ረዘም ላለ ጊዜ ይንሳፈፋል።

የሚቃና ጀልባ እንዴት እንደሚቃና ማወቅ ይጠቅማል፤ ሳያውቁ የሚያበላሹት ብዙ ናቸውና። በቀፎው አንድ ጎን ሆን ተብሎ ውሃ እንዲገባበት የተተወ ባዶ ክፍል አለ። ጀልባው በጀርባው ሲተኛ ውሃ በቀዳዳዎቹ ወደዚያ ክፍል ይገባል፣ ያ ጎን ይከብዳል፣ ቀፎው ተንከባሎ ይቃናል። ተቃንቶ ሲነሳና መሄድ ሲጀምር ያ ውሃ ወደ ኋላ ይፈሳል። አንዳንዱ ያለምንም እርዳታ ይነሳል፣ አንዳንዱ የሪሞቱን ምላጭ (በጣት የሚሳበውን የፍጥነት መቆጣጠሪያ) ወደፊትና ወደ ኋላ መነካካት ይፈልጋል፤ የትኛው እንደሆነ መመሪያው ላይ ይጻፋል። እነዚያን ቀዳዳዎች «ውሃ እንዳይገባ» ብሎ በስኮች መለጠፍ መቃናቱን ይገድለዋል። ከተሠራለት የከበደ ባትሪ መጫንም እንደዚሁ፤ ክብደቱ ሚዛኑን ሲለውጠው ቀፎው ግማሽ መንገድ ተንከባሎ በጎኑ ይቀራል። ሐይቅ ከመውረዱ በፊት ጉልበት በማይደርስ ውሃ ውስጥ፣ ባትሪው በቦታው ታስሮ፣ ክዳኑ ተዘግቶ፣ በእጅ ገልብጣችሁ ልቀቁት። በጥቂት ሰከንድ ካልተነሳ መሃል ውሃ ላይም አይነሳም።

ሌላው ገዢዎች «ተበላሽቶ መጣብኝ» ብለው የሚመልሱበት ምክንያት የውሃ ዳሳሹ ነው። ብዙ የዚህ ምድብ ጀልባዎች ከሥራቸው ሁለት ትንንሽ የብረት ነጥብ አላቸው፤ ሁለቱን ውሃ ካላገናኛቸው ሞተሩ አይዞርም። ጠረጴዛ ላይ ምላጩን ብትስቡ መሪው ይንቀሳቀሳል፣ ፕሮፔለሩ ግን ዝም ይላል። ይህ ጤነኛ ነው። እርጥብ ጣት ሁለቱ ነጥብ ላይ ብታሳርፉ ይዞራል፤ አደጋውም እዚሁ ላይ ነው። ጀልባውን በእርጥብ እጅ ከሥር ደግፎ ከውሃ የሚያወጣ ሰው፣ ሌላው ሰው ምላጩን ከነካ፣ ጣቱ ፕሮፔለሩ አጠገብ ሆኖ ይነሳበታል። ሁልጊዜ ከፊት በኩል ወይም ከላይ ያዙ። ነጥቦቹ ዝቃጭ ወይም አረንጓዴ ዝገት ከያዙ ጀልባው ውሃ ላይም እየቆመ እየሄደ ያስቸግራል፤ በእርሳስ ላጲስ ማሸት ይበቃል።

ሞተሩን በተመለከተ የካርቦኑ ዓይነት ርካሽና የዋህ ነው፤ ጉልበቱን ቀስ በቀስ ይሰጣል። ካርቦን የሌለው፣ ብረሽለስ የሚባለው፣ ዕድሜው ረጅም ነው፣ ፍጥነቱም በጣም ይበልጣል፤ ለመጀመሪያ ጀልባ ግን ቢቆይ ይሻላል። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ጀልባ 100 ሜትርን በ12 ሰከንድ ይጨርሳል። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ለማሰብ የሚቀረው 6 ሰከንድ ነው። በዚያ ርቀት ላይ ደግሞ 46 ሳንቲ ሜትር የሆነ ነገር ፊቱ ወዴት እንደሆነ በዓይን መለየት ይከብዳል። ስለዚህ ሪሞቱ 100 ሜትር ይደርሳል ቢባልም 50 ሜትርን ወሰን ማድረግ ጥሩ ነው።

ካርቦን ያለው ሞተር አዲስ ሲሆን ካርቦኖቹ የሚነኩትን ክብ ቅርጽ ገና አልያዙም። የመጀመሪያውን ባትሪ ሙሉ በሙሉ በግማሽና ከግማሽ በታች ፍጥነት ጨርሱት። ከጅምሩ እስከ መጨረሻው የተሳበ ሞተር ካርቦኑ ይፈነጥራል፣ የሚነካበት መዳብ ይጠቁራል፣ በኋላም ጉልበቱ የሚቀንስበት ምክንያት ሳይታወቅ ይቀራል። ከ7.4 ወደ 11.1 ቮልት ባትሪ ቀይሮ «ማፍጠን» ደግሞ የዚህ ምድብ ጀልባ ዋና ገዳይ ነው። ፕሮፔለር የሚበላው ኃይል በዙሩ ብዛት ሦስተኛ እርከን ነው የሚያድገው፤ ዙሩ አንድ ተኩል ጊዜ ከጨመረ የሚፈለገው ኃይል ከሦስት እጥፍ ያልፋል። ይህን ኃይል የሚሸከም ሽቦም፣ ካርቦንም፣ ፍጥነት ተቆጣጣሪም ውስጡ የለም።

ባትሪ ላይ ሻጮች የሚናገሩትን ደቂቃ ሳይሆን ሒሳቡን እመኑ። 1500 ሚሊ አምፔር ሰዓት ማለት 1.5 አምፔር ሰዓት ነው። ሞተሩ በአማካይ 10 አምፔር ቢስብ 1.5ን ለ10 አካፍላችሁ በ60 ስታባዙ 9 ደቂቃ ይመጣል። አምስተኛው እጅ ለመመለሻ ይቀመጥ፤ ቀሪው 7 ደቂቃ ነው። ስልክ ላይ የ6 ደቂቃ ማንቂያ መሙላትና ሲጮህ ወደ ዳር መዞር ካርቶኑ ላይ ከተጻፈ ከማንኛውም ነገር በላይ ጀልባ ያድናል። ማንቂያው ሳይደርስ ጀልባው መንቀጥቀጥ ወይም ጉልበት ማጣት ከጀመረ ፍጥነት ተቆጣጣሪው ባትሪውን ለማዳን ኃይል እየቆረጠ ነው። ያኔ ምላጩን አጥብቆ መሳብ ያባብሰዋል። ልቀቁት፣ ግማሽ ደቂቃ አሳርፉት፣ ከዚያ በሩብ ኃይል አምጡት፤ ጭነቱ ሲቀል ቮልቱ ትንሽ ስለሚያንሰራራ አብዛኛውን ጊዜ ዳር ይደርሳል።

ሁለት ሴል ሊቲየም ባትሪ ሲሞላ 8.4 ቮልት ነው። አርፎ ሲለካ 7 ቮልት ከደረሰ በቃው፤ ከ6 ቮልት በታች ከወረደ ይጎዳል። አሞላሉ በራሱ መጠን ነው፦ 1500 የሆነው በ1.5 አምፔር። አብረው የሚመጡት የዩኤስቢ ቻርጀሮች ከዚህ ያነሰ ስለሚሰጡ ሁለት ሦስት ሰዓት ይወስዳሉ፤ ቀርፋፋ መሆናቸው ጉዳት የለውም፣ ግን ሞልተው ሲጨርሱ የሚያሳዩት መብራት ላይ ብቻ ተማምኖ ቤት ጥሎ መውጣት አይገባም። ከውሃ ወጥቶ ትኩስ የሆነ ባትሪ እስኪቀዘቅዝ አይሞላም። ያበጠ ባትሪ አይሞላም፣ ጀልባም ላይ አይታሰርም። ሲገዙ የባትሪውን ማገናኛ ማየትም ያስፈልጋል፤ ኤክስቲ60 ወይም ቲ የሚባለው የተለመደ ዓይነት ከሆነ ሌላ ባትሪ ማግኘት ቀላል ነው። ማንም የማያውቀው ለየት ያለ ሶኬት ከሆነ ሁለተኛውን ባትሪ ከዚያው ከጀልባው ጋር ግዙ።

አሁን ውሃ ላይ እናውርደው። ቅደም ተከተሉ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ግን ሪሞቱ ቀድሞ ይበራል፣ ጀልባው ይከተላል። ሲጠፋ በተገላቢጦሽ ነው፤ ጀልባው ቀድሞ፣ ሪሞቱ መጨረሻ። ዳር ላይ እያለ ፕሮፔለሩ ከምንም ነገር ርቆ እየዞረ ሪሞቱን አጥፉት፤ ሞተሩ መቆም አለበት። ካልቆመ ምልክት ሲያጣ ምን እንደሚያደርግ የማያውቅ ጀልባ ነው፣ አይለቀቅም። አንቴናው በቱቦ ውስጥ ቀጥ ብሎ ከውሃው መስመር በላይ መሆኑን እዩ፤ ሪሞቱ የሚልከው የ2.4 ጊጋ ኸርዝ ምልክት ውሃ ውስጥ አይዘልቅም፣ ቀፎው ሥር የተጠቀለለ አንቴና ደግሞ ጥቂት ሜትር ላይ ይጠፋል።

የምትቆሙበት ዳር ንፋሱ ወደ እናንተ የሚነፍስበት ይሁን። ሞተሩ የሞተ ጀልባ ያኔ ራሱ እየተንሳፈፈ ይመጣል፤ በተቃራኒው ከቆማችሁ ወደ ማዶ ይሄዳል። አረም ያለበት፣ ዋናተኛ ወይም ዳክዬ ያለበት፣ ሰው ዓሣ የሚያጠምድበት ቦታ አይሆንም። የዓሣ ማጥመጃ ክር ፕሮፔለሩ ላይ ሲጠመጠም ፕሮፔለሩን ወደሚያዞረው ዘንግ ገብቶ ማሸጊያውን ይቆርጣል፤ ከውጪ ሲታይ ግን ምንም የለም።

ጀልባ ወደ እናንተ ሲመጣ ግራና ቀኙ ይለዋወጣል። ይህን እጅ እስኪለምደው በቀስታ ስምንት ቁጥር እየሳሉ መሽከርከር ነው፤ ሌላ ዘዴ የለውም። በሙሉ ፍጥነት መሪውን እስከ መጨረሻ ማዞር ይገለብጣል፤ መጀመሪያ ምላጩን ለቀቅ፣ ከዚያ መታጠፍ። ሪሞቱ የመሪውን መጠን የሚቀንስ ቁልፍ ካለው 60 በመቶ ላይ ቢሆን ይበቃል። ቀጥ ብሎ ካልሄደ በማስተካከያዋ ቁልፍ አርሙት፤ አንድ ፕሮፔለር ያለው ጀልባ በፕሮፔለሩ ግፊት ወደ አንድ ጎን ትንሽ ማዘንበሉ ተፈጥሮው ነው። አፍንጫው እንደ እንቁራሪት ከዘለለ ባትሪውን አንድ ሳንቲ ሜትር ወደፊት ግፉት፤ አፍንጫው ውሃ ከቆፈረ ወደ ኋላ። ለ«ቪ» ቀፎ ከኋላ ጫፍ ከርዝመቱ 30 በመቶ ገደማ ላይ ሲደገፍ ሚዛኑን የሚጠብቅ ከሆነ ለመነሻ ጥሩ ነው። 46 ሳንቲ ሜትር በሆነው ላይ ይህ ከኋላ 14 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። ባትሪው በቬልክሮ በደንብ ይታሰር፤ ውስጥ የሚንሸራተት ባትሪ በየመታጠፊያው ሚዛኑን ይቀይረዋል።

ውሃ ከየት እንደሚገባ ግን በዝርዝር እንየው፤ አብዛኛው ጀልባ የሚሞተው እዚህ ላይ ነውና። ሰው ሁሉ ክዳኑን ይጠረጥራል። የክዳኑ ጓርኒሲዮን ላይ አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ወይም ፀጉር ካለች በእርግጥ ያስገባል፤ በየጊዜው በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉት፣ ቢያስፈልግ ዙሪያውን በግልጽ ሰፊ ስኮች እሸጉት። ሁለተኛው በር የመሪ ክንፉ ዘንግ የሚያልፍበት ላስቲክ ነው። ሦስተኛውና ዋናው ከሞተሩ እስከ ፕሮፔለሩ የሚሄደው ዘንግ ያለበት ቱቦ ነው። የቱቦው አንዱ ጫፍ ውሃ ውስጥ፣ ሌላው ጫፍ ቀፎው ውስጥ ነው፤ መሃላቸው ያለው ግሪስ ብቻ ነው። ግሪሱ ሲያልቅ ውሃው በቱቦው ይወጣል፣ የሚዞረው ዘንግም እየረጨ ወደ ሞተሩ ያደርሰዋል።

ምልክቱ ግልጽ ነው፤ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ክዳኑ ሲከፈት ውሃው የተጠራቀመው ከሞተሩ ሥር ነው፣ ክዳኑ ዙሪያ ግን ደረቅ ነው። ሥራውም ከባድ አይደለም። ሞተሩና ዘንጉ የሚያያዙበት መጋጠሚያ ላይ ያለችውን ትንሽ ብሎን በብሩጎላ ፈታ አድርጋችሁ ዘንጉን ከኋላ ሳቡ። የወጣው ግሪስ ወተት መሰል ነጭ ከሆነ ውሃ ተቀላቅሎታል። ዘንጉን ጥረጉ፣ ቱቦውን በቀጭን ጨርቅ አጽዱ፣ ውሃ የማያጥበውን የጀልባ ግሪስ ዘንጉ ላይ በሙሉ ቀብታችሁ እያዞራችሁ መልሱ። ቢቻል በየመውጫው፣ ቢያንስ በየሦስተኛው ባትሪ። ብሎኗ ስትመለስ ዘንጉ ላይ ያለውን ጠፍጣፋ ቦታ ማግኘቷን በዓይን ሳታረጋግጡ አታጥብቁ፤ ክቡ ላይ የተጠበቀች ብሎን ከሁለት ዙር በኋላ ትለቃለች። ብረት ከብረት ጋር ሲሆን ሰማያዊውን የብሎን ማጣበቂያ አንዲት ጠብታ ማድረግ ጥሩ ነው፤ ፕላስቲክ ላይ ግን ይሰነጥቃል። ዘንጉ የሚተጣጠፍ የሽቦ ዓይነት ከሆነ ፕሮፔለሩን በሚነዳው ቁራጭና በቱቦው መደገፊያ መካከል 2 ሚሊ ሜትር ክፍተት ተዉ፤ እንዲህ ያለ ዘንግ በጭነት ሲጠመዘዝ ያጥራል፣ ክፍተት ካጣ ይፋጫል፣ ሞተሩም ይቃጠላል።

ውሃ ማቀዝቀዣ ያላቸው ሞዴሎች ላይ በጎን በኩል ቀጭን የውሃ ጅረት መውጣት አለበት። ጅረቱ ከጠፋ መግቢያው በአሸዋ ወይም በአረም ተደፍኗል፤ ቱቦውን ነቅላችሁ በአፍ መንፋት ይከፍተዋል። ከውሃ ሲወጣ ሞተሩን በጣት ንኩት። ጣት ሦስት ሰከንድ ካልቻለው ሙቀቱ በዝቷል፤ ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ የተጠመጠመ አረም፣ የጎበጠ ዘንግ ወይም ከተሠራለት የሚበልጥ ፕሮፔለር ነው።

ሞተሩ እየጮኸ ጀልባው ካልሄደ የመጋጠሚያዋ ብሎን ለቅቃለች፣ ወይም ፕሮፔለሩ ተበልቷል፣ ወይም ዳዶው ወድቆ ፕሮፔለሩ ሐይቁ ውስጥ ቀርቷል። የሚንቀጠቀጥ ከሆነ አንዱ ቅጠል ተሰብሯል ወይም ዘንጉ ጎብጧል። ስለዚህ ከጀልባው ጋር በዚያው ቀን መገዛት ያለባቸው ሁለት ፕሮፔለር፣ አንድ ዘንግ ከነማያያዣው እና አንድ ትርፍ ባትሪ ናቸው። እነዚህን ለየብቻ የማይሸጥ አምራች ጀልባ፣ የቱንም ያህል ቢያምር፣ ውጤት ላይ ዝቅ አድርገነዋል።

ከመውረዱ በፊት ቀፎው ውስጥ ባዶ በሆነው ቦታ ውሃ የማይመጥ ፎም ሙሉበት። ግማሽ ሊትር ፎም ወደ ግማሽ ኪሎ የሚጠጋ ያነሳል፤ ፕላስቲኩ ራሱ ከውሃ ብዙም ስለማይከብድ የሚያሰጥመው የሞተሩና የባትሪው ክብደት ነው፣ ለዚያ ደግሞ በዚህ ምድብ ግማሽ ሊትር ይበቃል። ሞተሩን እንዳያፍን ብቻ ተጠንቀቁ፤ ስፖንጅ ደግሞ ውሃ ስለሚመጥ አይሆንም። ለሚቆመው ጀልባ የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ ክር ጫፍ ላይ የቴኒስ ኳስ አስሮ ከጀልባው ወዲያ ማዶ መጣልና ክሩን በላዩ እየጎተቱ ማምጣት ዋና ከመግባት እጅግ የተሻለ ነው።

የጨው ውሃ ላይ ከሆነ ሁሉም ነገር በንጹህ ውሃ ይታጠባል፤ ካልታጠበ ቦኮላውና ብሎኖቹ በሚቀጥለው ጊዜ አይፈቱም። ጨው የሌለው ውሃ ላይም ቢሆን ክዳኑ ተከፍቶ ለአንድ ሌሊት ይደር፤ ተዘግቶ የተቀመጠ እርጥበት መሪውን የሚያዞረውን ሰርቮና የሪሞቱን ምልክት የሚቀበለውን ሪሲቨር ይበላል። ባትሪው ወጥቶ 7.6 ቮልት አካባቢ ላይ፣ ከሚቀጣጠል ነገር ርቆ ይቀመጥ። ባዶውን ሆኖም ሆነ እስከ አፍንጫው ተሞልቶ ለወራት ከቆየ በሚቀጥለው ወቅት የስድስቱ ደቂቃ ማንቂያ ሳይጮህ ነው መሃል ውሃ ላይ የሚቆመው።